ጠያቂ ያጣ ጉባኤ

ልጆቼ፣ ፋብሪካ በአገራችን እየበዛ ነው። ትናንት በሬ ጠምዶ ያደገው ልጃችን ዛሬ ማሽን ይቆጣጠራል። በትምህርት የገፋው መሐንዲስ ሆኖ ንድፍ ያጸድቃል። ዕድሜና ሀብት የደገፈው ደግሞ ቦርድ ገብቶ የብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ያለበትን ድርጅት ይመራል። ይህ ደስ ይላል። ነገር ግን ገበሬ ቢሳሳት የሚራበው የራሱ ቤት ነው፤ ትልቅ ፋብሪካ ሲሳሳት ጥፋቱ ባሕር ተሻግሮ፣ የፋብሪካውን በር እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ድርጅት ሕሊና ላማክራችሁ እሻለሁና ታግሣችሁ ስሙኝ።

«ብልህ ከሰው ይማራል፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል» ይባላል። የምነግራችሁም የሰው አገር ፋብሪካ ታሪክ ነው። ሆኖም ለቅሶው እኛም ቤት ገብቷል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ አቀና። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር፤ ከፋብሪካ ከወጣ ገና 4 ወር ገደማ ነው። ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ጊምቢቹ ወረዳ ውስጥ፣ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ከ30 በላይ አገሮች የመጡ 157 ሰዎች አለቁ። በሳምንቱ አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሰንደቅ ዓላማ የለበሱ የሬሳ ሣጥኖች ተደረደሩ። ሬሳ ግን በውስጣቸው አልነበረም፤ ለቤተሰቦቹ የተሰጣቸው ከአደጋው ቦታ የተዘገነ አፈር ነው። በእኛ ባህል ሬሳ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ዘመድ ተሰናብቶት ይቀበራል። እነዚያ እናቶች ግን የልጃቸውን ፊት ሳያዩ አፈር ቀብረው ተመለሱ።

ይህ የሆነው ሰማዩ ከፍቶ አይደለም። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንነሣ። ከዚህ በኋላ ዓ.ም ሳልል የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ቦይንግ በ1916 በሲያትል ከተማ የተመሠረተ ኩባንያ ነው። የእኛም አየር መንገድ ከ1962 ጀምሮ የቦይንግን ጄት ሲያበርር ኖሯል። ያ ስም በመሐንዲሶች ትዕግሥትና በሠራተኞች ላብ የተገነባ ነበር። በ2010 መጨረሻ ተፎካካሪው ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር የተገጠመለት ኤ320 ኒዮ የሚባል አውሮፕላን ለገበያ አቀረበ። በማግሥቱ ዓመት የቦይንግ የቆየ ደንበኛ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ ከኤርባስ 260 አውሮፕላኖች ለመግዛት ተስማማ። ቦይንግ ደነገጠ። ከመሠረቱ አዲስ አውሮፕላን ልሥራ ቢል ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን 737 አምጥቶ ትልቅ ሞተር ሊገጥምለት ቆረጠ።

737 ከመሬት ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትልቁ ሞተር ከክንፉ ሥር አልበቃ ሲል ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፋ ተደርጎ ተገጠመ። በዚህ የተነሣ አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሣት ጠባይ አመጣ። ያንን ጠባይ እንዲያርም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ተጨመረ፤ ሥራውም አፍንጫው ከመጠን በላይ ሲነሣ በራሱ ጊዜ ወደ ታች መመለስ ነው። እስከዚህ ድረስ በደል የለም። አሮጌን ማደስ ያለ ነው፤ ተፎካካሪን መፍራትም ያለ ነው። ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም። በደሉ የመጣው ስህተቱ ከታየ በኋላ ነው።

በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ አውሮፕላኑ ከሚመጣው አየር አንጻር ያለውን ዘዌ የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ። ኤምካስ ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላትም» የሚለው ምክር እንዲህ ላለው ሥራ ነው። በዚያ እሑድ ጠዋት የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር። ሁለቱን ያነጻጸረ ሁሉ አንዱ እንደተሳሳተ ወዲያው ያውቃል። ኤምካስ ግን እንዲያነጻጽር አልተሠራም። የተሳሳተውን አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ገፋ፤ አብራሪዎቹ ሲያነሡት እሱ መልሶ ገፋው። ካፒቴኑ የ29 ዓመት፣ ረዳቱ የ25 ዓመት ወጣቶች ነበሩ።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ኤምካስ በአብራሪዎቹ መመሪያ ውስጥ አልተጻፈም። ቦይንግ ለገዢዎቹ የገባው ቃል የቀድሞውን 737 ያበረረ ሰው ማክስን ለማብረር ሲሙሌተር ውስጥ ገብቶ መሠልጠን አያስፈልገውም የሚል ነበር። ሥልጠና ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ያለ ሥልጠና የሚበር አውሮፕላን ደግሞ ቶሎ ይሸጣል። እንዲያውም ሳውዝዌስት ለተባለው አየር መንገድ፣ የሲሙሌተር ሥልጠና ግድ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ውል ገብቶ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ለአብራሪው እውነቱን መንገር ለኩባንያው ኪሳራ ሆነ ማለት ነው። አንድ ድርጅት እውነት የምታከስረውን ውል የፈረመ ዕለት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሠራተኛ እንዲዋሽ ማዘዝ አያስፈልገውም። ውሉ ራሱ ያዝዛል።

ሁለቱ ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚያሳይ ማስጠንቀቂያም በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ላይ አይሠራም ነበር። ቦይንግ ይህን በ2017 ደረሰበት፤ ማስተካከያውን ግን ለ2020 ቀጠረው። በ2018 መጀመሪያ ደግሞ አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ለባልደረባው በጻፈው መልእክት፣ በማክስ ሲሙሌተር በሠለጠነ አብራሪ ቤተሰብህን ታሳፍራለህ ወይ፣ እኔስ አላሳፍርም ብሏል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ማለት ይህ ነው። ለባልደረባ የተነገረው ለተሳፋሪው አልተነገረም፤ ጓዳ ውስጥ የታወቀው አደባባይ አልወጣም።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንላለን። መከራው ቀድሞ መጥቶ መክሮ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም ላየን ኤር የተባለ አየር መንገድ ማክስ ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። እዚያም የተሳሳተ ሴንሰር፣ እዚያም ኤምካስ። በ2018 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ባለሙያዎች በሠሩት ስሌት፣ ነገሩ ካልታረመ በአውሮፕላኑ የአገልግሎት ዘመን እስከ 15 የሚደርሱ ሌሎች አደጋዎች ሊከተሉ እንደሚችሉ ታየ። ስሌቱ ተሠርቶ፣ ወረቀቱ ተጽፎ፣ አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። በሁለቱ አደጋዎች መካከል ከአራት ወር በላይ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሶፍትዌሩ እስኪታረም እናቁም የሚል ሥልጣን ያለው ሰው ጠፋ። ቻይናና የእኛ አየር መንገድ ማክስን ያቆሙት ከቢሾፍቱ አደጋ በኋላ ወዲያው ነው፤ አሜሪካ ያቆመችው በሦስተኛው ቀን። የሟቾቹ ቁጥር በድምሩ 346 ደርሶ ነበር።

ሥራ ላይ የዋለ ሰው የሚያውቀውን ተረት ላስታውሳችሁ፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ»። ማክስ ለ20 ወራት ከሰማይ ወረደ። ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰር እንዲያዳምጥ፣ በአንድ ጊዜ አንዴ ብቻ እንዲሠራ፣ አብራሪውም እንዲያሸንፈው ተደረገ፤ የሲሙሌተር ሥልጠናውም ግዴታ ሆነ። ይህ ሁሉ መጀመሪያውኑ ቢሆን ኖሮ የሚፈጀው ወጪና ጊዜ ብቻ ነበር። ያልተደረገበት ዋጋ ግን ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ የኩባንያው ገንዘብ፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ምንም የማይተካው የሰው ነፍስ ሆነ።

አሁን ወደ ጉባኤው ልግባ። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው። ከአደጋዎቹ በኋላ ባለአክሲዮኖች የቦይንግን ቦርድ ዴላዌር ፍርድ ቤት ከሰሱት። ዳኛዋ በ2021 ክሱ እንዲቀጥል ሲወስኑ ካተቱት ነጥብ አንዱ ይህ ነበር፤ አውሮፕላን ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ ቦርድ የአውሮፕላንን ደህንነት የሚከታተል ኮሚቴ አልነበረውም፤ ደህንነት የቦርዱ ቋሚ አጀንዳም አልነበረም። የደህንነት ኮሚቴ ያቋቋሙት ሁለቱም አውሮፕላኖች ከወደቁ በኋላ፣ በ2019 ነው። ክሱ በ237.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ፤ ገንዘቡንም የከፈሉት የመድን ድርጅቶች ናቸው። ስምምነቱ በደህንነት ልምድ ያለው ሰው ቦርድ እንዲገባ፣ ሠራተኛም አቤት የሚልበት ገለልተኛ ጽሕፈት ቤት እንዲኖር አደረገ።

ይህን ነገር ለመረዳት የመንደራችንን እድር አስቡ። እድር ውስጥ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዳኛ አለ። ገንዘቡን የያዘው መዝገቡን አይይዝም፤ መዝገቡን የያዘው ገንዘቡን አይነካም፤ ሁለቱንም ዳኛው ይጠይቃቸዋል፤ ዳኛውንም በዓመቱ ስብሰባ ማንኛዋም ባልቴት ተነሥታ «ድንኳኑ ለምን ተቀደደ?» ብላ ትጠይቀዋለች። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ጎረቤታቸውን ሌባ ነው ብለው አይደለም። ሰው ሁሉ ጠያቂ ሲያጣ እንደሚደክም፣ ጠያቂ ሲኖረው እንደሚበረታ ስለሚያውቁ ነው። ትልቅ ድርጅትም የሚቆመው በዚሁ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ይሠራል፣ ቦርዱ ይጠይቃል፣ ኦዲተሩ ይመረምራል፣ ባለአክሲዮኑ ሁሉንም በዓመቱ ይጠይቃል። ቦርዱ ጭብጨባ ብቻ ከሆነ፣ ሪፖርቱን ሳያነብ የሚያጸድቅ ከሆነ፣ አበል ተቀብሎ የሚበተን ከሆነ ያ ድርጅት ጠያቂ አጥቷል።

ቦይንግ ከ2013 እስከ 2019 መጀመሪያ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የራሱን አክሲዮን መልሶ ገዝቷል። ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የአክሲዮኑን ዋጋ ያነሣል፣ በአክሲዮን የሚከፈላቸውን አለቆችም ይጠቅማል። እኔ የምጠይቀው በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ አክሲዮኑ ዋጋ የተነጋገሩትን ያህል ስለ ሁለተኛው ሴንሰር ተነጋግረዋል ወይ ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በ2019 መጨረሻ ከሥራቸው ሲነሡ 62 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጡረታና አክሲዮን ይዘው ወጥተዋል። በወንጀል ተከሶ ችሎት የቀረበው አንድ የቀድሞ የኩባንያው አብራሪ ብቻ ነው፤ እሱም በ2022 ነፃ ወጣ። የላይኛው ገንዘብ ይዞ ሲወጣ የታችኛው ችሎት ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ተረታችንን ልቃወም። «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ይህ ተረት ብዙ ቤት አፍርሷል። ሹመት ማዕድ ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው በዘመኑ ያለውን ሁሉ ይለቅማል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን አያይም። ወንበር ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሲሻሩ የሚቆጨው ያልበሉት አይደለም። የሚቆጨው እያወቁ ያልተናገሩት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ በጎ ስምም ይውላል፣ ክፉ ስምም ይውላል።

ሁለተኛው የማልስማማበት ተረት «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ነው። በጎረቤት ጠብና በሐሜት መካከል ለገባ ሰው መልካም ምክር ነው። ለመሐንዲስ ግን መርዝ ነው። በሬንተን ከተማ ባለው የ737 ፋብሪካ ኤድ ፒርሰን የሚባል፣ በባሕር ኃይል ያገለገለ ከፍተኛ ሥራ አስኪያጅ ነበር። በ2018 ፋብሪካው በወር የሚያወጣውን አውሮፕላን ከ47 ወደ 52 ሲያሳድግ፣ ሠራተኛው ሲደክም፣ ዕቃ ሲዘገይና ሥራ ከተራው ውጭ ሲሠራ ተመለከተ። ለአለቃው ጻፈ፤ መስመሩን ለጊዜው እናቁም አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቤን በቦይንግ አውሮፕላን ለማሳፈር አመነታለሁ አለ። መስመሩ አልቆመም። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ለዋና ሥራ አስፈጻሚውም ለቦርዱም ጻፈ፤ በ2019 መጨረሻም በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይህንኑ መሰከረ። እሱ ያየው ጥድፊያ የሁለቱ አደጋዎች ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም። ነገር ግን ቤቱን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ይጤሳል ሲል ቢያንስ በር ከፍቶ ማየት ይገባ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በአላስካ ኤርላይንስ አንድ ማክስ ላይ የበር ቦታ የሚደፍነው የግድግዳው ክፍል በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። ማሰር የነበረባቸው አራት ብሎኖች በቦታቸው አልነበሩም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በዚያ ቀን የሞተ ሰው አልነበረም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ስለ ተቆጣጣሪም ልናገር። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሰውና ገንዘብ ስላጠረው ብዙውን የምርመራ ሥራ ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ደመወዛቸውን ኩባንያው ይከፍላል፣ ዓይናቸውን ደግሞ ለመንግሥት አበድረዋል። ሁለት ጌታ ያለው ሰው በጨነቀው ሰዓት ወደሚያበላው ያደላል። ውክልና ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ የዛሬን ቴክኖሎጂ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን መርምሮ አይዘልቀውም። ግን የወከለ ሰው ደጋግሞ ሄዶ ማየት አለበት። በአገራችንም በሕንፃ፣ በመድኃኒት፣ በምግብ ላይ የምትቆጣጠሩ ልጆቻችን፣ ማህተማችሁ የሌላ ሰው ሕይወት ዋስትና ነው። ያላያችሁትን አትፈርሙ።

አሁን ደግሞ ዘመኑ ስለወደደው ስለ «ዘላቂነት» ልንገራችሁ። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች በየዓመቱ ስለ አካባቢ፣ ስለ ሠራተኛ፣ ስለ ማኅበረሰብ የሚያትት ባለ ቀለም መጽሐፍ ያሳትማሉ። መልካም ነው፤ ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የጀርመኑ ቮልስዋገን በሴፕቴምበር 2015 በአንድ የታወቀ የዘላቂነት መመዘኛ ከመኪና አምራቾች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ተመረጠ። በዚያው ወር፣ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚያህሉ የናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር እንደነበረ ታወቀ። መኪናው የሚመረመር መሆኑን ሲያውቅ ንጹሕ ይሆናል፤ መንገድ ሲወጣ ጭሱን ይለቃል። ቀዳሚነቱም ተነጠቀ። ወረቀቱ አረንጓዴ ነበር፤ አየሩ ግን አልነበረም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

በረራ 302 ላይ ተሳፍረው ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ በማግሥቱ ናይሮቢ በሚከፈተው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤ ላይ ሊገኙ የሚሄዱ ነበሩ። ከድርጅቱ ሠራተኞች ብቻ ከ20 የማያንሱ ሞተዋል። ምድርን ለመጠበቅ የሚተጉ ሰዎች በአንድ ፋብሪካ ችኩልነት ሞቱ። ይህን ሳስብ ዘላቂነት ዛፍ ከመትከል በፊት እንደሚጀምር ይገባኛል። የሚጀምረው የምትሸጡት ዕቃ ሰው እንዳይገድል፣ ሠራተኛችሁ ማታ በጤና ወደ ልጆቹ እንዲመለስ፣ ከፋብሪካችሁ በታች ያለው መንደር ውሃውን ያለ ሥጋት እንዲጠጣ ከማድረግ ነው።

እኛም ከዚህ አናመልጥም። የሞጆን ወንዝ ያየ፣ አቃቂን ተሻግሮ የሄደ ሰው የቆዳና የሌላውም ፋብሪካ ፍሳሽ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። የውሃው ቀለም ይለወጣል፣ ሽታው ይነሣል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይጠጣዋል፣ በመጨረሻ እኛው እንበላዋለን። የፍሳሽ ማጣሪያ አስገብቶ ኤሌክትሪክ ቆጥቤያለሁ ብሎ የሚያጠፋው፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚያስነሣው ካለ፣ እሱ የቮልስዋገንን ሥራ በመንደር ደረጃ እየሠራ ነው። ዛሬ የቆጠበውን ብር ነገ ልጆቹ በሕክምና ይከፍሉታል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ማጣሪያው ዛሬ ይሥራ።

ፍትሕ ግን ከአንድ ወገን ብቻ አይታይምና የቀረውንም ልናገር። ስለ አብራሪዎቹ ምላሽ መርማሪዎች ተከራክረዋል፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በእኛ አገር የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የተለየ አስተያየት ሰጥተዋል። ቦይንግ ግን በ2021 ከሟች ቤተሰቦች ጋር ባደረገው ስምምነት ለካሣው ኃላፊነቱን ተቀብሏል፤ አብራሪዎቹንም ጥፋተኛ አላለም። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማምቷል፤ ከዚህ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ለሟቾች ቤተሰቦች የተመደበ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ቤተሰቦቹ ስምምነቱ አልበቃንም ብለው ለዓመታት ከፍርድ ቤት አልተለዩም። ሐዘናቸውን ወደ ጥያቄ የለወጡ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ባይጠይቁ ኖሮ ከዚህ የነገርኳችሁ ብዙው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። የእኛም አየር መንገድ ማክስን በ2022 መልሶ አስነሥቷል፤ በ2023ም ተጨማሪ አዝዟል። ይህን በክፉ አላየውም። ይቅር ማለትና መርሳት ግን ይለያያሉ፤ ይቅር ያለ ሰው እየመረመረ ይገዛል።

እንግዲህ አደራዬን ልስጣችሁ። የቦርድ አባላት ሆይ፣ ከገንዘብ ሪፖርቱ በፊት የደህንነት ሪፖርቱን ስሙ፤ አቅራቢው ከሥራ አስኪያጁ ሳያስፈቅድ በቀጥታ ለእናንተ የሚናገር ሰው ይሁን። ሥራውን የሚያውቅ፣ እጁ ዘይት የነካ ሰው ከመካከላችሁ አይጥፋ። ሥራ አስኪያጆች ሆይ፣ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሠራተኛ አመስግኑት፤ አንዴ ካስደነገጣችሁት ሁለተኛ አይመጣም፣ በሽታውን የሸሸገ ደግሞ መድኃኒት አይገኝለትም። ሽልማትና ጉርሻ ስታወጡ በብዛት ለሠራ ብቻ አትስጡ፤ የተበላሸ ነገር አይቶ መስመሩን ላስቆመም ስጡ። መሐንዲሶች ሆይ፣ የምትፈሩትን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ለባልደረባችሁ የምትነግሩትን ለአለቃችሁ ንገሩ፣ አለቃችሁ ካልሰማ ከእሱ በላይ ላለው። ባለአክሲዮኖች ሆይ፣ ትርፍ ስትጠይቁ ከምን እንደመጣ ጠይቁ። ከጥገና የተቀነሰ ወጪ፣ ከሥልጠና የተሰረቀ ሰዓት፣ ከወንዝ የተወሰደ ንጽሕና ትርፍ መስሎ ይታያል፤ ዕዳ ነው፣ ቀኑም ሲደርስ ከነወለዱ ይጠየቃል።

ፈጣሪ ሥራችሁን ይባርክ፤ የሠራችሁት ለሰው ደስታ ይሁን፤ ስማችሁ ከልጅ ልጅ በበጎ ይነሣ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ «ከባለፈው ስብሰባ ወዲህ በፋብሪካችን ውስጥ አቁሙ ያለ ማን ነው? ምንስ መለስንለት?» መልስ ካለ ጸሐፊው ይመዝግበው። መልስ ከሌለ ወይ ድርጅታችሁ እንከን የሌለበት ነው፣ ወይ ሠራተኛችሁ ፈርቷችኋል። የመጀመሪያው በዚህ ምድር አልታየም፤ ስለዚህ ስብሰባውን ሳትዘጉ ወደ ፋብሪካው ወለል ወርዳችሁ ጠይቁ።